ቀጋ፦ የደጋችን ጽጌረዳ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የሳምንቱ የዕፅዋት ዝግጅታችን ሰዓት ደርሷል።

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ጽጌረዳ ስትባሉ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? የሠርግ እቅፍ አበባ? በሆለታ ወይም በዝዋይ የሚለማውና በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚላከው ቀዩ? ወይስ በከተማ ግቢ ውስጥ በበርሜል የተተከለው ሮዝ?

እነዚህ ሁሉ ጽጌረዳዎች ናቸው፤ ያምራሉም። የዘር ሐረጋቸው ግን ከቻይና፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ ነው። ሰው ለብዙ ዘመን እያዳቀለ ያወጣቸው ናቸው።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር፣ ማንም ሳያመጣው በራሱ የበቀለ የጽጌረዳ ዝርያ ስንት ነው? አምስት? አሥር? እስቲ አስቡት።

(አጭር ሙዚቃ፤ ሦስት ሰከንድ)

አንድ ብቻ ነው። በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ሌሎች የዱር ጽጌረዳዎች አሉ። ከሰሃራ ወዲህ ግን አንድ ብቻ። እሱም የእኛው ቀጋ ነው።

አዎ፣ ያ በልጅነታችን ፍሬውን የለቀምነው፣ እሾሁ ልብሳችንን የያዘው፣ በየመንገዱ ዳር የምናልፈው ቀጋ! እውነተኛ ጽጌረዳ ነው። ዛሬ እንዴት እንደምንለየውና እንዴት አድርገን በግቢያችን እንደምናሳድገው እንነጋገራለን።

(የወፎች ድምፅ፤ ከበስተጀርባ ቀስ ብሎ)

በቅድሚያ የት እናገኘዋለን? ቀጋ ብርድ አይፈራም። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3300 ሜትር ድረስ ይበቅላል። በእንጦጦ፣ በመናገሻ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ ተራሮች የሚኖር ወይም ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ጥድና ወይራ ባሉበት የደን ጠርዝ ላይ፣ በገደል አፋፍ፣ በወንዝ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ በእርሻ ድንበር ላይ ፈልጉት። ጥቅጥቅ ያለ የደን ጥላ አይወድም። ፀሐይ የሚያገኝበትን ጠርዝ ይመርጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ተከላው ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ከኢትዮጵያ ውጭም አለ። በኤርትራ ደጋ፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይበቅላል። በዚያ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን ወደ ተራራው ከወጣችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የዕፅዋት ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል። ስሙ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት መንገድ ከአንድ ጉዞ ጋር ይያያዛል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 እና በ1810 ወደ ትግራይ መጥቶ ነበር። የጉዞውን መጽሐፍ በ1814 ሲያሳትም፣ ታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ያዘጋጀው የዕፅዋት ዝርዝር በመጽሐፉ መጨረሻ ወጣ። የዛሬው ስም ምንጩ እዚያ ነው። ከዚያ ጆን ሊንድሊ የተባለው ሊቅ በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ቀጋን በዝርዝር ገለጸው። እንግዲህ ቀጋ በሳይንስ ዓለም ከታወቀ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። እረኞቻችንማ ከዚያ በፊት ስንት ትውልድ ያውቁታል!

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ወደ መለየቱ እንግባ። በአካባቢያችሁ ቀጋ ይኖራል ብላችሁ የምትጠረጥሩት ቁጥቋጦ ካለ በሐሳባችሁ አጠገቡ ቁሙ። ከግንዱ እንጀምራለን።

ግንዱን እዩት። ቀጋ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ረጃጅም ቅርንጫፎቹ ቀስት ሠርተው ይጎነበሳሉ፣ አጠገባቸው ዛፍ ካገኙ ይንጠላጠላሉ። ደጋፊ ሲያገኝ ከሰው ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይወጣል። ሜዳ ላይ ብቻውን ሲሆን ግን ክብ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው።

እሾሁን እዩት፤ ግን ተጠንቀቁ! እሾሁ መሠረቱ ሰፊ፣ ጫፉ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች የታጠፈ ነው። ለዚህም ነው ቀጋ ውስጥ የገባ ሰው መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ የሚቸግረው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ እሾሁን በጎኑ ብትገፉት ከልጡ ላይ ተላቅቆ ይነሳል። የቀጋ እሾህ ከእንጨቱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ የልጡ አካል ነው። የጽጌረዳዎች ሁሉ እሾህ እንዲሁ ነው።

ቅጠሉን እዩት። በአንድ የቅጠል አገዳ ላይ ትናንሽ ቅጠሎች በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ብቻውን አለ። ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ሰባት ይሆናሉ፤ አንዳንዴም አምስት። የእያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። አሁን የቅጠሉ አገዳ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ፤ በሁለቱም ጎን ክንፍ የመሰለች ቀጭን ቅጠል ከአገዳው ጋር ተጣብቃ ታያላችሁ። ይህች ክንፍ የጽጌረዳ ማኅተም ናት ማለት ይቻላል።

አበባውን እዩት። አበባው ነጭ ነው፤ በደንብ ሲያዩት ትንሽ የቅቤ ቀለም አለው። የአበባ ቅጠሎቹ አምስት ናቸው። ስንት? አምስት! እንደ ገበያው ጽጌረዳ ተደራርበው የተጠቀለሉ አይደሉም፤ ተከፍተው፣ ልባቸው እየታየ ነው የሚያብቡት። አበቦቹ ብቻቸውን አይወጡም፤ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ በዘለላ ይወጣሉ። ሽታቸው ጣፋጭ ነው፤ በተለይ ማለዳ ጤዛው ሲደርቅ ከሩቅ ይመጣል።

አሁን ደግሞ አንዷን አበባ ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ። ማእከሉ ዙሪያ ብዙ ቢጫ ክሮች አሉ፤ እነዚህ የወንዴ ክፍሎች ናቸው። ከመካከላቸው ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት ቀጭን ምሰሶ ትታያለች። ያቺ ምሰሶ አንድ ክር አይደለችም፤ የሴቴዎቹ ክሮች ሁሉ ተጣብቀው አንድ ሆነው ነው። በብዙ ጽጌረዳዎች እነዚህ ክሮች ለየብቻ ናቸው፤ በቀጋና በቅርብ ዘመዶቹ ግን ይጣበቃሉ። የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ቀጋን ከሌሎች ጽጌረዳዎች ሲለዩ መጀመሪያ የሚያዩት ይህችን ምሰሶ ነው። ለማየት ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ ጥሩ ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ፍሬውን እዩት። ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። መጠኑ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ውጪው ለስላሳ ሥጋ፣ ውስጡ ጠንካራ ዘሮችና ጥቃቅን ፀጉር ነው።

(አጭር የደወል ድምፅ)

እስቲ እንድገመው። ወደ ታች የታጠፈ እሾህ። ጥርስ ያለው፣ በአገዳ ላይ ሰባት የሚሆን ቅጠል። አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ምሰሶ። ቀይ ፍሬ፣ ውስጡ ፀጉር። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ካሉ ቀጋ ነው፤ አትጠራጠሩ።

(ሙዚቃ)

ከምን ጋር ይምታታል? ከሦስት ተክሎች ጋር ነው።

አንደኛው እንጆሪ ነው፤ የዱሩን እንጆሪ ማለቴ ነው። እሱም እሾህ አለው፣ ይንጠላጠላል፣ ቅጠሉም ጥርስ አለው። ይህ አያስገርምም፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ኮሶም፣ ጥቁር እንጨትም፣ ኮክና ፖምም የዚሁ የጽጌረዳ ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ታዲያ እንጆሪንና ቀጋን በምን እንለያቸው? በፍሬው። የእንጆሪ ፍሬ ከብዙ ጥቃቅን ጭማቂ ያላቸው እንክብሎች የተሠራ ነው፤ የቀጋ ፍሬ ግን ልጡ የተወጠረ አንድ ወጥ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው አጋም ነው። አበባው ነጭና መዓዛማ ስለሆነ ከሩቅ ያሳስታል። ቀረብ ብላችሁ እሾሁን ተመልከቱ፤ የአጋም እሾህ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው እንጂ የታጠፈ አይደለም። ቅጠሉ አንድ ወጥ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ የሌለው ነው። ቅጠሉን ስትቆርጡት ነጭ ወተት ይወጣዋል። ቀጋ ወተት የለውም።

ሦስተኛው ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ጉመሮ ነው። ጉመሮም የታጠፈ እሾህ አለው፣ ይንጠላጠላል፣ አበባውም ነጭ ክሮች የበዙበት ነው። ፍሬው ግን መርዛማ ነው። ቅጠሉ በአገዳ ላይ የተደረደረ አይደለም፤ አንድ ወጥ ነው፣ ጠርዙም ጥርስ የለውም። ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ እናስተምራቸው፦ ፍሬ ከመቅመስህ በፊት ቅጠሉን ቁጠር። ሰባት ወይም አምስት ሆኖ ካልተደረደረ አትንካው። ያላወቁት ፍሬ አይበላም።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በትግራይ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ ሌላ ጥንታዊ ጽጌረዳ ይተከል ነበር። አበባዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ የአበባ ቅጠሎቿ እንደ ቀጋ አምስት ናቸው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ሲጽፍ ቅድስት ጽጌረዳ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ሰጣት። በ1888 ደግሞ ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው አርኪዮሎጂስት በግብፅ፣ ሐዋራ በሚባል የመቃብር ሥፍራ የደረቀ የጽጌረዳ ጉንጉን አገኘ። ፍራንሷ ክሬፓን የተባለው የቤልጅግ ሊቅ መርምሮት ከዚህችው ጽጌረዳ ጋር አመሳሰለው። ይህች ጽጌረዳ ቀጋ አይደለችም፤ ሰው አምጥቶ የተከላት ናት። ግን በአገራችን ለአበባ የተሰጠው ክብር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ትመሰክራለች። በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ጽጌረዳ ካለ እባካችሁ ጠብቁት።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ የውሃ ማጠጫ ድምፅ)

እሺ፣ ቀጋን አወቅነው። አሁን እንዴት እናሳድገው?

ቦታ ከመምረጥ እንጀምራለን። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ምን ነበር? ቀጋ የደን ጠርዝ እንጂ የደን ውስጥ ተክል አይደለም። ስለዚህ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት። ውሃ የሚቋጥር ረግረግ አይመቸውም። ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ፣ አሸዋና ፍግ ቀላቅላችሁ ትከሉ።

ችግኙንስ ከየት እናምጣ? ገበያ ላይ የቀጋ ችግኝ እንደ ጥድና እንደ ባሕር ዛፍ በቀላሉ አይገኝም። ግን ችግር የለም፤ በሦስት መንገድ ራሳችን ማፍላት እንችላለን።

ቀላሉ መንገድ ቅርንጫፉን ከእናቱ ሳይለዩ መቅበር ነው። እኔ ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው ይህን ነው። ወደ መሬት የተጎነበሰ፣ ያልሸመገለ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ምረጡ። መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ እሾሁንና ቅጠሉን አራግፉ። ከታች በኩል ልጡን በቢላ ጥቂት ፋቅ አድርጉት። ከዚያ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የተፋቀውን ክፍል ቅበሩት፤ ጫፉ ግን ከአፈር ውጭ ይሁን። እንዳይነሳ ድንጋይ ጫኑበት። አፈሩ እንዳይደርቅ ብቻ ተከታተሉ። እናትየዋ እየመገበችው ሥር ያወጣል። ከአንድ ክረምት በኋላ ከእናቱ ቆርጣችሁ፣ ሥሩን ከነአፈሩ አንስታችሁ ትተክላላችሁ።

ለምን ቀላል ነው አልኩ? ቅርንጫፉ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ከእናቱ ውሃና ምግብ ስለማይቋረጥበት አይጠወልግም። ብንሳሳትም ብዙ አይጎዳም።

ሁለተኛው መንገድ ቁራጭ መትከል ነው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ። ለጋ አረንጓዴም፣ ያረጀ ግራጫም አይሁን፤ መካከለኛው ነው የሚፈለገው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ይበቃል፤ ሦስት ወይም አራት ዓይን ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከዓይኑ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ የላይኛውን ጫፍ ከዓይኑ በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ለምን? አንደኛ፣ ውሃ ላዩ ላይ እንዳይቋጠር። ሁለተኛ ደግሞ የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅምና!

የታች ቅጠሎቹን አንሱ፤ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ተዉለት። በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልታችሁ ሁለት ዓይን እስኪቀበር ድረስ ትከሉ። ጥላ ሥር አስቀምጡት። ከላዩ ነጭ ፕላስቲክ ብታለብሱት እርጥበቱ አይጠፋም። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር ያወጣል። ሥር አወጣ ወይስ አላወጣም ብላችሁ እየነቀላችሁ አትዩት! አዲስ ቅጠል ሲያበቅልና ቀስ ብላችሁ ስትስቡት አልነቀል ሲል ሥር ይዟል ማለት ነው። የካቲት ላይ የተቆረጠው ሐምሌ ላይ ለተከላ ይደርሳል።

ሦስተኛው መንገድ ዘር ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ደህና የቀላ ፍሬ ለቅማችሁ በቢላ ክፈሉት፤ ፀጉሩ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ወይም ፕላስቲክ እጃችሁ ላይ አድርጉ። ዘሩን እጠቡ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ የተንሳፈፈውን ጣሉ፣ የሰመጠውን ያዙ። የጽጌረዳ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ይተኛል። ማቀዝቀዣ ያላችሁ፣ ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ቀላቅላችሁ በዕቃ ከድናችሁ፣ በረዶ ከማይሠራው የታችኛው ክፍል ለሁለት ወር ያህል ብታስቀምጡት ይነቃቃል። ከዚያ ዝሩት፣ አርጥቡት፣ ጠብቁት። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከዘር የወጣ ችግኝ ለተከላ የሚደርሰው ለከርሞው ክረምት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን እንደክማለን? ከአንድ እናት የተቆረጡ ቁራጮች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከዘር የወጡት ግን እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው። የዝርያውን ሀብት የሚጠብቀው ዘር ነው። ትምህርት ቤቶችና የገጠር ችግኝ ጣቢያዎች በዘር ቢያፈሉት ደስ ይለኛል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ተከላው የታወቀ ነው። ዝናቡ ሲረጋ፣ ሐምሌ ላይ፣ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። የላይኛውን ለም አፈር ከበሰበሰ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ትኩስ ፍግ አታድርጉ፤ ሥር ያቃጥላል። ለአጥር ከሆነ በችግኞቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ተዉ። ለጌጥ ብቻውን ከሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት፤ ቅርንጫፉ ይዘረጋልና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ አጠጡት፤ ከብትና ፍየል እንዳይደርስበት ከልሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግራችሁም።

መግረዙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የገበያው ጽጌረዳ በየጊዜው አጠር ተደርጎ ይገረዛል፤ ቀጋን እንዲሁ ብታደርጉት አበባ ያጣል። ቀጋ የሚያብበው ከበሰሉት ረጃጅም ቅርንጫፎች ላይ በሚወጡ አጫጭር ጎኖች ነው። ሁሉንም አጭዳችሁ ከጣላችሁ የሚያብበውን ጣላችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ምን እናድርግ? አብቦና አፍርቶ ከጨረሰ በኋላ የደረቁትንና በጣም ያረጁትን ቅርንጫፎች ከሥራቸው ቁረጡ፤ ለጋ ሆነው የሚያድጉትን ተዉ። በየዓመቱ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ። ሁሉንም አንድ ጊዜ አትቁረጡ! ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ሁሉንም አንድ ጊዜ አትቁረጡ።

በሽታና ተባይ ብዙም አያጠቃውም። ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ከታየ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል።

(የንብ ድምፅ፤ ጥቂት ሰከንድ)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ንብ አናቢዎች ሆይ፣ ቀጋ ለእናንተም ነው። ተከፍቶ የሚያብብ፣ ቢጫ ክሮቹ የበዙ አበባ ስለሆነ ንቦች የአበባ ብናኝ በብዛት ይሰበስቡበታል። ያ ብናኝ የእጮቻቸው ምግብ ነው። ቅጠሎቹ የተደራረቡ የገበያ ጽጌረዳዎች ግን ብዙዎቹ ለንብ ይህን ያህል አይመቹም፤ ልባቸው ተሸፍኗልና። ስለዚህ ቀፎ ባለበት ግቢ አጥሩ ቀጋ ቢሆን ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ፍሬውስ? ልጆችና እረኞች ይበሉታል፤ ወፎችም ይበሉታል። የጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን ከውጭ መግባት ሲቸግር፣ እንግሊዞች የዱር ጽጌረዳቸውን ፍሬ ለቅመው ለሕፃናት ሽሮፕ ያዘጋጁ ነበር። እኛም ይህ ፍሬ በደጃችን አለን። አበላሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ፍሬውን ክፈሉት፣ ዘሩንና ፀጉሩን በሙሉ አውጡ፣ ሥጋውን ብቻ እጠቡና ብሉ። ፀጉሩ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ያስላል። የጸዳውን ሥጋ በጥላ አድርቆ እንደ ሻይ ማፍላትም ይቻላል።

(ሙዚቃ)

ከመሰናበታችን በፊት፣ አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቋቸውን ሁለት ጥያቄዎች ላንሳ።

አንደኛው፦ «ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ በረንዳ ላይ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ቀጋ የበረንዳ ተክል አይደለም። ይዘረጋል፣ እሾሁም ጠባብ ቦታ ላይ ያስቸግራል። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ በግቢው የጋራ አጥር ላይ ብትተክሉት ይሻላል። ከእግረኛ መንገድ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት።

ሁለተኛው፦ «ከጫካ ነቅዬ ማምጣት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ከፓርክና ከተጠበቀ ደን ምንም ነገር አይነቀልም። ከእርሻ ድንበርና ከመንገድ ዳርም ቢሆን ትልቁን መንቀል አያስፈልግም፤ ትልቅ ቀጋ ተነቅሎ ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። ቁራጭ ወይም ጥቂት ፍሬ ይበቃችኋል። ባለቤት ያለው ቦታ ከሆነ ደግሞ አስፈቅዱ።

አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ገንዘብ አውጥተን የውጭ አጥር ተክል እየገዛን፣ የራሳችንን ጽጌረዳ ለማገዶና ለእርሻ ማስፋፊያ እንመነጥራለን። ይህ ልክ አይመስለኝም። ሽታ ያለው፣ ሌባና ከብት የማያሳልፍ፣ ንብና ወፍ የሚመግብ፣ ልጅ የሚለቅመው፣ ብርዳችንን የለመደ የአጥር ተክል ከዚህ የተሻለ እኔ አላውቅም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይገባል)

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ደጋና ወይና ደጋ ያላችሁ አድማጮች ወጣ በሉና በአካባቢያችሁ አንድ ቀጋ ፈልጉ። ቅጠሉን ቁጠሩ፤ አበባ ላይ ከሆነ መሐሉ ላይ ያለችውን ምሰሶ ለልጆቻችሁ አሳዩ። ወደ መሬት የተጎነበሰ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ዛሬውኑ ቅበሩት፤ ድንጋዩን መጫን አትርሱ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ!

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ያበቃል)